የሚራመደው ጭስ

ነፋሱ መዞሩን ከሁሉ ቀድሞ ያወቀው የመስኮቱ መጋረጃ ነበር። ጠዋቱን ሙሉ ወደ ውጭ ሲውለበለብ የቆየው ጨርቅ ድንገት ወደ ውስጥ ተመልሶ የሬዲዮ ሠራተኛዋን ፊቷን በጥፊ መታት። ገፋ አድርጋው ብድግ አለች። በረሃው ከፊቷ ተዘርግቷል፤ ቀዩ ቋጥኝ፣ በቋጥኞቹ መሀል የሚጠማዘዘው የእግረኞች መንገድ፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ደግሞ ዘንድሮ ዝናቡ ደህና ስለነበር እስከ ጉልበት የበቀለው፣ አሁን ግን ደርቆ ሲነኩት እንደ ወረቀት የሚንኮሻኮሸው ሣር። ከዚያ ወዲያ ጭሱ አለ። እስካሁን ወደ ገደሉ አጋድሎ የነበረው ጭስ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ጥቂት ያመነታ መሰለ፤ ከዚያ ወደ እነሱ አጎነበሰ።

«አለቃ!» ብላ በደረጃው ቁልቁል ጮኸች። «ዞረ! ነፋሱ ወደኛ ዞረ!»

አለቃው ከታች፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ እግረኞችን አውቶቡስ ውስጥ እየጠቀጠቀ ነበር። በዕረፍት ሰሞን መኪና ማቆሚያው ጢም ይላል። ይህን በረሃ በእግሩ ላቋርጥ ብሎ የማይመጣ የለም፤ ሙሽራው፣ ጡረተኛው፣ ክብደት ልቀንስ ባዩ። ዛሬ ደግሞ ሁሉም ባንድ ጊዜ ልውጣ ይላል። አንዱ ቦርሳዬ ቀረ ይላል፤ አንዷ ያለ ውሻዬ አልሳፈርም ብላ በሩ ላይ ተገትራለች።

«ውሻውንም አስገቢው፣ አንቺም ግቢ!» አላት አለቃው። «ከሁለታችሁ የሚናከሰው የትኛው እንደሆነ በኋላ እንለያለን!»

ይህን ሰው ሠራተኞቹ በሌለበት ጉምሩክ ነው የሚሉት። ክብሪትና ላይተሩን ተቀብሎ ጠረጴዛው ሥር ያለው ካርቶን ውስጥ ሳይወረውር አንድ እግረኛ አያሳልፍም። ቦርሳ ይበረብራል፣ ኪስ ያስገለብጣል፤ የገዛ መንገድ መሪዎቹን እንኳ አያምንም። እሳቱ ግን በኪስ ተደብቆ አልገባም። አንድ ሰው ጥላ ፍለጋ መኪናውን ደረቅ ሣር ላይ አቆመ፤ የጋለው ጭስ ማውጫ የቀረውን ሠራ።

የሬዲዮ ሠራተኛዋ ማይክሮፎኑን ተጫነች።

«ጣቢያ ነኝ። መንገድ መሪዎች በሙሉ፣ ያላችሁበትን ተናገሩ።»

ድምፆቹ እየተሻሙ መጡ። አንዱ በሩን እያየሁት ነው አለ። ሌላው ሰዎቹን አውቶቡስ ላይ ጭኛለሁ አለ። ሦስተኛው የሚለው አልሰማ ብሎ ከኋላው ሕፃን ያለቅሳል፤ ቢሆንም ወጥቷል። እያንዳንዱ ሲናገር እሷ ግድግዳው ላይ ካለው ካርታ አንድ ስፒል ትነቅላለች። በመጨረሻ አንድ ስፒል ብቻ ቀረ። የታናሽ እህቷ ነው።

እህቷን ጓደኞቿ ሚዳቋ ይሏታል፤ ቋጥኝ ስትወጣ ያያት ሰው ሌላ ስም አይታየውም። ዛሬ ግን ሚዳቋ ስድስት እግረኞች አስከትላለች፤ ከነሱ አንዱ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ጡረተኛ ናቸው። ስለዚህ የቡድኑ ፍጥነት የሳቸው ጉልበት ነው።

«ሚዳቋ፣ ሚዳቋ፣ ጣቢያ ነኝ። ይሰማል?»

ሬዲዮው እሽሽ ከማለት በቀር ሌላ የለውም። መንገዱ መሀል ላይ ኮርቻ የሚሉት ሁለት ጉብታ ያለው ትልቅ ድንጋይ አለ፤ በሱ ዙሪያ ሬዲዮ ደንቆሮ ነው።

ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ተንኳኳ። እናቷ ናት። በሩ አጠገብ ካለች ትንሽ ሱቅ ኮፍያና ውሃ ትሸጣለች፤ የሱቁን ቁልፍ በእጇ እንደያዘች እያለከለከች ገባች።

«የታለች?»

«ትመጣለች፣ እማዬ። ቁጭ በይ።»

«ትመጣለች ወይ አላልኩሽም። የታለች ነው ያልኩሽ።»

ስፒሉን አሳየቻት። እናቷ ጠጋ ብላ አየችው።

«እሳቱስ?»

የሬዲዮ ሠራተኛዋ መዳፏን ካርታው ላይ አሳረፈች። በመዳፏና በስፒሉ መሀል የቀረው ክፍተት ሁለት ጣት አያስገባም። እናቷ ቁጭ አላለችም።

በዚህ መሀል ሄሊኮፕተሩ ተናገረ። አብራሪው ጭልፊት ነው የሚባለው፤ ከሄሊኮፕተሩ ሆድ ሥር ትልቅ የውሃ ባልዲ በገመድ አንጠልጥሎ ነው የሚበረው።

«ጣቢያ፣ ጭልፊት ነኝ። አለቃን አቅርቡልኝ!»

አለቃው ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ደረሰ። «አለሁ፣ ተናገር።»

«እሳቱ ወደ ኮርቻው እየሮጠ ነው። እየሄደ አላልኩም፣ እየሮጠ ነው! ሰዎቹን ማየት አልቻልኩም። ማረፍ አይታሰብም፤ ነፋሱ እንደ ላባ ነው የሚያንገላታኝ።»

«ውሃ ይዘሃል?»

«ባልዲው ሙሉ ነው። ግን አንዴ ነው። ሌላ ቀድቼ እስክመለስ ያለቀ ነገር ነው።» ከዚያ ድምፁ ከፍ አለ። «ቆይ፣ ቆይ! አዲስ ጭስ ይታየኛል። ከኮርቻው ወዲህ፣ በናንተ በኩል! እሳቱ ዘሎ ከፊታቸው ወድቋል። መውጫቸውን ሊዘጋው ነው!»

«ጣልበት!» አለ አለቃው። «ውሃውን እዚያ ላይ ጣለው!»

«ተቀብያለሁ። እየዞርኩ ነው።»

የሬዲዮ ሠራተኛዋ የሩቅ ማያውን መነጽር አንስታ መስኮቱ ላይ ተለጠፈች። ስለቸኮለች መጀመሪያ ሰማዩን፣ ቀጥሎ የአውቶቡሱን ጣሪያ አየች። ከዚያ አገኘችው። ከኮርቻው ወዲህ ቀጭን ነጭ ጭስ ተነሥቷል። ከጎኑ ሌላ ተነሣ። ከሱ ጎን ደግሞ ሌላ። ነፋስ የሚያዘልለው ፍንጣሪ እንደ ተበተነ ጥሬ ነው፤ እዚህም እዚያም ይወድቃል። ይኼ ግን ተራ ይዞ ነው የሚሄደው። ትንሽ ይቆማል፣ አንድ ክር ጭስ ይተክላል፣ ይቀጥላል። ይራመዳል።

«አለቃ፣ ያስቁሙት!»

«ምኑን?»

«ጭልፊትን! ያ እሳት አልዘለለም። እህቴ ናት የለኮሰችው። ከፊቷ ያለውን ሣር አቃጥላ፣ ሰዎቹን ጥቁሩ መሬት ላይ ልታቆማቸው ነው። ትልቁ እሳት ሲደርስ የሚበላው እንዲያጣ! አሁን ውሃ ካፈሰሰበት ሣሩ እንዳለ ይቀርና ያ ሁሉ ይመጣባቸዋል!»

አለቃው መነጽሩን ከእጇ ወስዶ አየ። የማይገባው ሰው አልነበረም፤ በዚህ ሥራ ላይ ነው ፀጉሩ የሸበተው።

«ሐሳቡስ ልክ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ግን በምን ትለኩሰዋለች? በጥርሷ? ዛሬ ጠዋት ቦርሳዋን የፈተሽኩት እኔ ነኝ። ኪሷን ሳይቀር።»

በምን እንደሆነ የሬዲዮ ሠራተኛዋ ታውቃለች። የታላቂቱ ባል ከሞተ ወዲህ ሚዳቋ አንድ ሻንጣ ይዛ መጥታ አብራት ትኖራለች። አመሻሽ ላይ የጓሮው በር ቀስ ብሎ ይከፈታል፤ ትንሽ ቆይቶ የሲጋራ ሽታ በመኝታ ቤቱ መስኮት ይገባል። ሚዳቋ ለእናቷ በአባቷ አጥንት ምላ ትቻለሁ ካለች ቆይታለች። ታላቂቱ ሽታው እንደሚደርሳት አንድም ቀን ተናግራ አታውቅም። ለእህቷ ምስጢር ብላ አልነበረም። ቤቱ ውስጥ ሰው እንዳለ የሚነግራት እሱ ስለነበር ነው። ሲሸታት እንቅልፍ ይወስዳታል።

«ካልሲዋ ውስጥ ላይተር አላት» አለች።

«ካልሲዋ ውስጥ ላይተር ምን ይሠራል?»

«ታጨሳለች።»

«ማን?» አለች እናቷ ከኋላ።

«ልጅሽ፣ እማዬ።»

«የትኛዋ ልጄ?»

«ስንት አለሽ? እኔ እዚህ ነኝ!»

«በአባቷ አጥንት የማለችልኝ?»

«እሷው።»

አለቃው ራሱን ነቀነቀ። «እህትሽ ስለሆነች ነው። ዓይንሽ ያየው የሚፈልገውን ነው፣ አልፈርድብሽም። ግን ተሳስተሽ እንደሆነ መውጫቸውን በገዛ እጃችን ቆለፍንባቸው ማለት ነው። ደግሞ ያ እሳት ሲያድግ የሚመጣው ወደ አውቶቡሶቹ ነው። እዚያ ውስጥ ሕፃናት አሉ።»

እናቷ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። ጠረጴዛው ላይ ያሉት የሬዲዮው ባትሪዎች ዘለሉ።

«ስማ አንተ! ልጄ አጫሽ ናት። ሰምተሃል? አጫሽ ናት! ለካ ያ ሁሉ ከረሜላ ከሱቄ የሚያልቀው ለዚህ ኖሯል! እኔን የወለድኳትን ያታለለች አንተን ማታለል ያቅታታል? ካልሲ ፈትሸሃል?»

«ካልሲ… አልፈተሽኩም፣ እማማ።»

«እንግዲያ ምን ፈተሽክ! ለዚያ ሰውዬ ንገረው!»

«አለቃ» አለ ሬዲዮው፣ «ከላዩ ደርሻለሁ። ልልቀቀው?»

አለቃው አንድ ጊዜ አውቶቡሶቹን፣ አንድ ጊዜ ኮርቻውን አየ። ከዚያ ማይክሮፎኑን ነጠቀ።

«ጭልፊት፣ እንዳትለቀው! ከሥሩ አትንካው። ወደኛ የሚመጣውን ጫፉን ብቻ ምታልኝ። የቀረው ይንደድ!»

«ይንደድ? ይንደድ ነው ያሉት?»

«ይንደድ ብያለሁ! ሰው የለኮሰው እሳት ነው!»

ሄሊኮፕተሩ በጎኑ አጋደለ፤ ባልዲው ተወዛወዘ። ውሃው እንደ ነጭ ሻሽ ተዘርግቶ በትንሹ እሳት ግንባር ላይ ወደቀ። በአውቶቡሶቹ በኩል ያለው ነበልባል ተንጫጫና ጭስ ብቻ ሆነ። ከኋላ ያለው ግን እየበላ ቀጠለ፤ ኮርቻው ሥር ያለው መሬት ሲጠቁር በመነጽሩ ታያት። ምነው ቶሎ በጠቆረ! ቶሎ በል፣ ቶሎ በል እያለች እሳትን ስታቻኩል ራሷን ሰማች።

ከዚያ ትልቁ ደረሰ። ድምፁ ክፍሉ ድረስ መጣ፤ የተጫነ ባቡር ድልድይ ሲሻገር የሚሰማው ዓይነት ነበር፤ መስታወቱ ተርገፈገፈ። ኮርቻው ከነጉብታዎቹ ጠፋ።

«ሚዳቋ፣ ጣቢያ ነኝ። ይሰማል?»

እሽሽ።

«ሚዳቋ፣ ጣቢያ ነኝ።»

አለቃው ጥፍሩን ይበላል። እናቷ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭናለች። የሬዲዮ ሠራተኛዋ እንዲህ ያለ ዝምታ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ፣ ባሏ በተኛበት ሆስፒታል ኮሪደር ውስጥ አውቃዋለች። ያኔ ቀድማ መጠየቅ ያቆመችው እሷ ነበረች። ዛሬ አላቆመችም።

«ሚዳቋ፣ ይሰማል? ሚዳቋ! አንቺ ልጅ፣ ይሰማል ወይ!»

ቀጭ አለ ሬዲዮው። መጀመሪያ የመጣው ሳል ነበር፤ ረጅም፣ የሚቧጥጥ፣ የደስ ደስ ያለው ሳል።

«ጣቢያ… ምን ያስጮህሻል? ይሰማል።»

እናቷ እልልታዋን አቀለጠችው።

«ስንት ናችሁ?»

«እኔና ስድስቱም። ጥቁሩ ላይ ተደፍተን ነበር፤ በግራም በቀኝም አልፎን ሄደ። ሁሉም ይራመዳል። ጡረተኛው ግን ኮፍያቸው ነደደ። ከእማዬ ሱቅ የገዙት ነው፣ ጥራት የለውም እያሉ ነው።»

«ሁለት እሰጣቸዋለሁ በያት!» አለች እናቷ እንባዋን በሻርፗ ጫፍ እየጠረገች። «ሦስት!»

«እታለም» አለች ሚዳቋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንድ ነገር ልንገርሽ። ያን ትንሹን እሳት የለኮስኩት እኔ ነኝ። ጉምሩክ እንዳይሰማ።»

አለቃው ወደ ማይክሮፎኑ አጎነበሰ። «ጉምሩክ ሰምቷል።»

«ውይ» አለ ሬዲዮው።

«እናትሽም ሰምተዋል» አለ ጨምሮ።

«ትልቁ እሳት ወዴት ሄደ?» አለች ሚዳቋ። «ብከተለው ይሻለኛል።»

መስመሩ ላይ ያሉት መንገድ መሪዎች ሁሉ ባንድ ጊዜ ሳቁ፤ ጭልፊት ከሰማይ ላይ ሳቀ። አለቃው ግን እየሳቀ አልቆየም። ጥቁሩ መሬት ዳር ድረስ የሚቀርብ መኪና ላከ፤ ለጭልፊት ሁለተኛ ውሃ ቅዳ ብሎ አዘዘው፤ አውቶቡሶቹን አንቀሳቀሰ። ከዚያ የጆሮ ማዳመጫውን ከሬዲዮ ሠራተኛዋ ራስ ላይ አነሣው።

«ይኼን ለኔ ተዪውና ውረጂ።»

«ተረኛ ነኝ እኮ።»

«ውረጂ አልኩሽ!»

ደረጃውን እንዴት እንደወረደችው አታውቅም። መኪናው አመድ እያቦነነ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። መጀመሪያ ጡረተኛው ወረዱ፤ ራሳቸውን በሸሚዛቸው ጠምጥመው፣ ያሳደጉት ልጅ እንደሆነ ሁሉ ስለ መንገድ መሪያቸው ለአላፊ አግዳሚው ይናገራሉ። ሌሎቹ ተከተሉ፤ ፊታቸው ከጥላሸት የተነሣ ማን ማን እንደሆነ አይለይም፤ ሁሉም ጮክ ብለው፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ያወራሉ። ሚዳቋ እንደ ልማዷ መጨረሻ ወረደች። ሁለት እርምጃ እንኳ አልሄደችም፤ መሬት ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

«ጫማዬን አውልቂልኝ፣ እታለም። እግሬ ነደደ።»

እናታቸው ከኋላ ደርሳ ኖሮ ለውሃ ወደ ሱቋ ሮጠች፤ ቁልፉን ፎቅ ላይ መርሳቷ ትዝ ሲላት እየተራገመች ወደ ደረጃው ዞረች።

የሬዲዮ ሠራተኛዋ ተንበረከከች። የጫማው ሶል ቀልጦ እንደ ማስቲካ ተንጠልጥሏል፤ ማሰሪያዎቹ ሙቀቱ አጣብቋቸው አንድ ጉብታ ሆነዋል። በጣቷ ሞከረችው። በጥርሷ ሞከረችው፤ የአመድ ጣዕም አፏን ሞላው። እላታለሁ ብላ ደረጃው ላይ ያዘጋጀችው ነገር ሁሉ የት እንደገባ ጠፍቶባታል።

«እስክጨርስ አትንቀሳቀሺ» አለቻት፣ ቀና ሳትል።

«የት እሄዳለሁ?» አለች ሚዳቋ።

ቋጠሮው እምቢ አለ። እንደገና ጎተተችው።