ለእትዬ የተሰመረው ምዕራፍ

አናጢው መንፈሳዊ መጽሐፍ ሲያነብ ላየው ያስቀናል። እርሳሱን ከጆሮው ላይ ያወርዳል፣ ማስመሪያውን ያሰናዳል፣ ከዚያ ቃል በቃል እያሰመረ ይወርዳል። ችግሩ፣ የሚያሰምረው ሁሉ ለሌላ ሰው ነው። ስለ ስንፍና ካነበበ ለሚስቱ ወንድም፣ ስለ ሐሜት ካነበበ ለጎረቤቱ። ለራሱ የምትሆን አንዲት መስመር እስከ ዛሬ አልተገኘችም፤ ጉድ እኮ ነው!

ሰሞኑን የያዘው መጽሐፍ በወንጌል ያለውን የጠፋውን ልጅ ምሳሌ የሚያብራራ ነበር። ታላቅ ወንድምየው ተቆጥቶ «ድግሱ ቤት አልገባም» ያለበት ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ይኸው! እትዬ ቁርጥ!»

እትዬ የሚላት ልብስ ሰፊዋን ታላቅ እህቱን ነው፤ እናትም አባትም ሆና ያሳደገችውን። ከሦስት ሳምንት በፊት ለመዘምራኑ የሰፋችውን ልብስ በምእመኑ ፊት በሜትር ለክቶ፣ «ይሄኛው እጅጌ ሁለት ጣት ያጥራል» አላት። እውነቱን ነው፣ ያጥር ነበር። ግን ማን ለካ አለው? እሷ ወዲያው ወጥታ ሄደች፤ የልጁ ሠርግ ላይ እንደማትገኝም በማግስቱ በሰው ላከችበት። ሠርጉ የፊታችን ቅዳሜ ነው። ያለ እትዬ ልጁን መዳር ለአናጢው ሞቱ ነው፤ ይህን ግን ለማንም አይናገርም፣ ኩሩ ነዋ።

እናም ምዕራፉን ከዳር እስከ ዳር አሰመረና ለሚስቱ ሰጣት።

«አድርሺላት። ታንብበውና ልብ ትግዛ።»

«ምነው አንተው ብታደርሰው? ቤቷ እኮ ከመንገዱ ማዶ ነው።»

«ሥራ አለብኝ።»

ሚስቱ ሣቋን ዋጥ አድርጋ ሄደች።

በሦስተኛው ቀን መጽሐፉ ተመለሰ። አናጢው መጋዙን ወዲያ ጥሎ ከሚስቱ እጅ ተቀበለ። እትዬ ምንም አላሰመረችም፤ አንድ ገጽ ላይ ብቻ የልብስ መርፌ ሰክታለች። ገጹ ከሚቀጥለው ምዕራፍ ነው። እሱ የእህቱን ድርሻ ካገኘ በኋላ ማንበቡን ትቶት ስለነበር አልደረሰበትም።

ነገሩ ስለ አባትየው ነበር። አባትየው የተቆጣውን ልጁን ለማግባባት አገልጋይ አልላከም፣ ይላል ጸሐፊው፤ እንግዶቹን ትቶ ራሱ ደጅ ድረስ ወጣና ለመነው።

አናጢው ደግሞ አነበበው። ለማን እንደሚሆን አሰበ። ለሚስቱ ወንድም አይሆን፣ ለጎረቤቱ አይሆን። ጆሮው እስኪግል አፈረ። ሚስቱ «ማስመሪያ ላምጣልህ?» አለችው፤ እሱ ግን የእንጨቱን ብናኝ ከልብሱ ሳያራግፍ ወጣና መንገዱን ተሻገረ።

እትዬ የስፌት ማሽኗ ላይ አቀርቅራለች። ሲገባ ቀና አላለችም።

«እትዬ፣ አጥፍቻለሁ» አላት በሩ ላይ ቆሞ። «በሰው ፊት አዋረድኩሽ። አንቺ የሌለሽበት ሠርግ ለእኔ ሠርግ አይደለም። እባክሽ ነይልኝ።»

ማሽኑ ቆመ።

«ይቺን ለማለት ነው ያን ሁሉ ገጽ የምታስነብበኝ?» አለችውና መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች።