ጀርባው የሚላስ መጽሐፍ

በእኛ ሰፈር መጽሐፍ የሚገዛ ሰው ገልጦ አያይም፤ ጀርባው ላይ የታተመችውን ዋጋ ይልሳል። ከጣፈጠው ይገዛል፣ ካልጣፈጠው እንትፍ ብሎ ይመልሳል። ምራቁን የምጠርገው እኔ ባለ ሱቁ ነኝ። እስካሁን አልለመድኩትም።

ትርሲት የአባቷን ታሪክ ጽፋ፣ በራሷ አሳትማ አመጣችልኝ። አባቷ ጋሽ ወልደሰንበት በአሰብ መንገድ ዕድሜያቸውን የፈጁ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ሲተርኩላት ከርመው መጽሐፉ ከማተሚያ ቤት የወጣ ዕለት ዝም አሉ። ሐኪም አፋቸውን አስከፍቶ ቢያይ ምላስ የለም።

"አንድ ሰው ቢያነበው ይመለስላቸዋል፣ ጋሽ ደምሰው" አለችኝ። ሁሉም እንዲገዛው ብላ ዋጋውን ዝቅ አድርጋዋለች። ተሳሳተች።

መጀመሪያ የመጣው ከራባት ያሰረ ሰውዬ ነው። ላሰና ተፋ።

"ማነው ያሳተመው?"

"ራሷ ናት።"

"ያስታውቃል። አርታኢ አልነካውም።"

"አንድ ገጽ እንኳ ቢያዩት?"

"ላስኩት እኮ!"

ደሜ ፈላ። እንደማንኛውም መጽሐፍ ሻጭ ምላጭ አንስቼ የድሮውን ዋጋ ፋቅሁና ሦስት እጥፍ ለጠፍኩበት። በማግስቱ ያው ሰውዬ መጣ። ላሰና ዓይኑን ጨፈነ።

"ይኼ ነው ሥራ! የተደከመበት ነው" አለ። ከውስጡ አንዲት ነጠላ ሰረዝ አልተነካችም።

ወሬው ተዛመተ፤ ሰው ተሰለፈ። ምላሱን አውጥቶ ተራውን የሚጠብቅ ሰው ምን ያህል አስጸያፊ ነገር እንደሆነ ያላየ አያውቅም። መጽሐፉ አለቀ፤ አንድ ብቻ ቀረ። ገልጦ ያየው አንድም ሰው አልነበረም።

ትርሲት እያለከለከች ገባች። "ተሸጠ ይሉኛል፣ አባባ ግን አሁንም ዝም ብለዋል።" የቀረውን መጽሐፍ አንስታ መሃሉን ገለጠችው። በገጾቹ መካከል የሽማግሌ ምላስ ተጋድሟል፤ ደርቋል፣ ጠርዙ ተሰነጣጥቋል።

"አሰብ ልንገባ ስንል ፍሬን እምቢ አለኝ..." ብሎ ጀመረ ምላሱ።

ከራባት ያሰረው ሰውዬ ለወዳጁ ስጦታ ሌላ አንድ ሊገዛ መጥቶ አጠገባችን ቆሟል።

"ይስሙት፣ ጌታዬ" አለችው ትርሲት እያለቀሰች። "እባክዎ፣ ትንሽ ብቻ።"

ሰውዬው መጽሐፉን በትሕትና ተቀበላትና ከደነው። ገለበጠው፤ ጀርባውን ላሰ።

"ግሩም ነው" አለ።

ከሰውዬው ምላስ ሥር ሽፋኑ ያብጥና ይሰረጉዳል። ከውስጥ በኩል የሽማግሌው ምላስ አሁንም እያወራ ነበር።