ከኋላዋ የሚንቀሳቀስ ከንፈር

የሰደበችኝ ኮከብ ተዋናይዋ ሌኖር አቬሪል ናት። ጊዜው በፈረንጆቹ 1932፣ መጋቢት ውስጥ፣ ከምሳ በፊት ነው። ሆሊውድ፣ ሦስተኛው የመቅረጫ አዳራሽ፣ ከእንጨት በተሠራው የቤተ መንግሥት ደረጃ ሥር። በፊልሙ እሷ ንግሥት ናት፤ እኔ ፋኖስ የያዝኩ አሽከር። ዳይሬክተሩ፣ "ኦሪን፣ ስታልፍ 'መንገዱ ጨለማ ነው እመቤቴ' በላት" አለኝ። ለእኛ ለአጃቢዎች ይህች ትንሽ ነገር አይደለችም። በፊልም አንድ ነገር የተናገረ ሰው በማግስቱ ተዋናይ ይባላል፤ ያልተናገረ ከመጋረጃው እኩል ነው።

እሷ ዞር ብላ እንኳ ሳታየኝ፣ "ወንበር አይናገርም፤ ይሄም አይናገር" አለች። አዳራሹ ሳቀ። አብሮኝ የሚሠራው ዋልዶም ሳቀ፤ እሱንም አልረሳሁለትም። ዳይሬክተሩ የሰጠኝን መልሶ ወሰደ።

የአጃቢ ሥራ እንዲህ ነው፦ ከበስተኋላ ቆመህ ከጎንህ ካለው ጋር የምታወራ ትመስላለህ። ከንፈርህ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ አይወጣም። ከወጣ ትባረራለህ። ሌሎቹ ዝም ብለው አየር ያኝካሉ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ለስድቧ መልስ እሰጥ ነበር።

በድምፅ አልባው ፊልም ጊዜ ዳንሰኛ ነበረች አሉ፤ እኔ የደረስኩት ንግሥት ስትሆን ነው። ከንግሥትነት ወርዳ ሰላይ ሆነች። በጭስ በተሠራ ጉም ውስጥ ባቡር ስትጠብቅ እኔ ሻንጣ ይዤ ከኋላዋ መለስኩላት። ከዚያ ዘፋኝ አደረጓት። ድምፁ የሌላ ሴት ነው፤ እሷ እንደ እኔ ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅስ ነበር። ያን ቀን ቤቴ ደስ ብሎኝ ገባሁ። በጦርነቱ ጊዜ ፀጉሯ ላይ ዱቄት ነስንሰው የወታደር እናት አደረጓት፤ ቀጥሎ የጎማ የሌሊት ወፍ የሚያሳድዳት መበለት።

አንዳንዴ ያሳለፍኩትን ሳስበው የኖርኩት ይሁን የተቀረጸ አይለይልኝም። ሠርጓ ላይ ጨፍሬያለሁ። ከበቆሎ ቅንጣቢ በተሠራ በረዶ ላይ ሬሳዋን ተሸክሜ ሄጃለሁ፤ እጄ ላይ ሆና ቀስ ብላ ስትተነፍስ ይሰማኝ ነበር። እሷ በየጊዜው ሌላ ሰው ሆና ትመጣለች፤ እኔ ያው ነኝ፤ ከኋላዋ እናገራለሁ።

ባለፈው ዓመት ለቴሌቪዥን አንድ አጭር ነገር ስንሠራ ተገናኘን። እሷ ምግብ ቤት ውስጥ ልጇን የምትጠብቅ አሮጊት ናት፤ እኔ አስተናጋጅ። ዋልዶ ከጎኗ ካለው ጠረጴዛ ተቀምጧል።

"ንግሥትህ አረጀችብህ" አለኝ።

"አንተስ መቼ ወጣት ነበርክ?" አልኩት።

ካሜራው መቅረጽ ጀመረ። ሲኒዋን ላነሣ ጎንበስ ስል የምትለው ጠፋት። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗን ከፊት ለፊት ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

"አንተን አውቅሃለሁ" አለች። "አሮጌ ፊልሞቼን በቴሌቪዥን ሲያሳዩ አያለሁ። የእኔን ፊት ማየት ሰልችቶኛል፤ አንተን ነው የማየው። ሌሎቹ አየር ያኝካሉ፣ አንተ ግን የምር ትናገራለህ። ስሞትም፣ ስዳርም ትናገራለህ። ምንድን ነው የምትለኝ?"

ካሜራው አልቆመም። ወጣቱ ዳይሬክተር ከመብራቱ ሥር በእጁ ምልክት ሰጠኝ፤ ቀስ ብሎም፣ "መልስላት፣ ፊልሙ ውስጥ እናስገባዋለን" አለኝ።

ዋልዶ ልቤን እንዳነበበ ሰው በከንፈሩ ብቻ፣ "ተናገራ፣ ሞኝ" አለኝ።

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። ስንት ዓመት ስስለው የኖርኩት ነው፣ ሌላ ሥራ አልነበረኝም። አንድ ጊዜ ከወጣ እኔ ተዋናይ ነኝ፤ እሷም ትሰማዋለች። ግን ያኔ "ወንበር" ያለችኝን እንደማታስታውስ ከፊቷ አየሁ። እጇ ሲኒው ላይ ነው፤ ትንሽ ቡና ጨርቁ ላይ ፈስሷል። አንድ ጥሩ ነገር ስነግራት የኖርኩ መስሏት ትጠብቀኛለች።

ሲኒውን ከእጇ ሥር ወሰድኩ። ጨርቁን ጠረግሁ። እንደ ጥሩ አስተናጋጅ ጎንበስ አልኩላትና ዓይኗ ከኋላዬ እየተከተለኝ፣ ትሪዬን ይዤ መብራቱን አልፌ ሄድኩ።