ከፊልሙ የረዘመ ሙሾ

አጎቴ ሞሐ ሙሾ አይደግምም። ለአንድ ሟች ሁለት ጊዜ ከወረደ ሙሾው ሌላ ሰው ወደ ሞት ይጠራል ባይ ነው። አባቴ ሲቀበር ታሞ ተኝቶ ስለነበር የወንድሙ ሙሾ ሳይወርድ ቀረ። ከሞሮኮዋ ከተማ ከዋርዛዛት ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን ፊልም ልንሠራ ስንሄድ ግን፣ "ካሜራው ፊት አወርደዋለሁ፤ አንዴ ብቻ" አለ። ምስሉ እንዳይደበዝዝ ሌንሱን የማስተካክለው እኔ ነኝ። የአባቴ ስም ሲጠራ እንዲያበላሹብኝ አልፈለግሁም።

ዳይሬክተሩ ኢደር በትልቁ ፊልም ካልሆነ ብሎ ድርቅ አለ። ትንሹ ፊልም ሁለት ጣት ይሰፋል፣ ትልቁ አራት። በትልቁ የፊት ሽብሽብ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይወጣል፤ እሱን አልክድም። ግን ካሜራው እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይንጣጣል፤ አንዱ ጥቅል ደግሞ በሦስት ደቂቃ ያልቃል። ትንሹ አሥር ደቂቃ ይሄዳል፣ ድምፁም አይሰማም።

"ሦስት ደቂቃ የሚበቃው መሰለህ?" አልኩት።

"ያሳጥሩታላ።"

አጎቴ ሰማን። "የወንድሜ ዕድሜ አጠረ፤ ሙሾውንም ላሳጥርበት?" አለ። "የማያቋርጠኝ የቱ ነው?"

"ትንሹ" አልኩ።

"እንግዲያው ትንሹ ይሁን።"

"አባባ፣ ፊትዎ በትልቁ እንዴት እንደሚያምር ቢያዩት" አለ ኢደር።

"ሰባ ዓመት ያየሁትን ፊት?"

ሳቅን። ኢደር ግን አልተበገረም። ትንሹን ካሜራ ጎኑ እናስቀምጥ ብዬው እንኳ ጥላው ይገባብኛል አለ። አናደደኝ።

አጎቴ ግንቡ ሥር ተቀምጦ ጀመረ። የእሱንና የአባቴን እናት አነሳ፣ የልጅነታቸውን አነሳ። በትልቁ ፊልም ሰው ትንሽ ዘንበል ካለ አፍንጫው ጠርቶ ጆሮው ይደበዝዛልና እጄ አብሮት ወዲያ ወዲህ ይላል። ወደ አባቴ ስም ሲቃረብ ካሜራው ዝም አለ። ፊልሙ አለቀ።

ኢደር ሊያስቆመው ሲል ክንዱን ያዝኩት። "ወላሂ፣ ትንፍሽ ብትል አንተንም ካሜራውንም ገደል ነው የምሰዳችሁ" አልኩት በሹክሹክታ። አጎቴ ቀጠለ። "ዛይድ፣ ወንድሜ ዛይድ" እያለ አባቴን ጠራው። እጄ ባዶው ካሜራ ላይ መሥራቱን አልተወም፤ እንባዬም አላቆመም።

"ገባ?" አለኝ ሲጨርስ።

"ፊትህ እስከ ግማሹ። ስሙ በድምፅ መቅጃው ብቻ።"

ፊልሙ ካዛብላንካ ሲታይ አጎቴ አጠገቤ ነበር። ፊቱ ግድግዳውን ሞላው። ከዚያ ምስሉ ጠፋ፤ ካሜራው ዝም ብሎ ስለነበር በጨለማው ውስጥ "ዛይድ" የሚለው ድምፅ ጥርት ብሎ ተሰማ። እኔ ደስ ብሎኝ ዞር ስል አጎቴ ጆሮዎቹን በእጆቹ ደፍኗል።

"ነገም ይታያል?" አለኝ።

"አዎ።"

"ከነገ ወዲያስ?"

ያኔ ገባኝ። ፊልሙ በታየ ቁጥር ሙሾው ይደገማል፤ አንዳችንም አላሰብነውም ነበር። 

"በቃ፣ የተጠራሁት እኔ ነኝ" አለ፣ ጋቢውን እየሰበሰበ። "የኔን ሙሾ በትንሹ ፊልም ቅረጹት።"