ከቀብሪበያ የመጣው ሽንት

ሀይማኖት ያልገባት ነገር ካለ ምሳ እንኳን አይወርድላትም። ከደብረ ብርሃን ተመድባ ጅጅጋ ከመጣች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ያን ሁሉ ጊዜ ላቦራቶሪ ውስጥ የሰው ሽንት ስትመረምር ኖራ አንድም ቀን አልሰለቻትም። «ሽንት ወሬኛ ነው፤ ጠይቀው ብቻ» ትላለች።

በ2008 ዓ.ም. ምሳ የከለከላት የአቶ ኤልሚ ሽንት ነው። አቶ ኤልሚ የቀብሪበያ ግመል ነጋዴ ናቸው። ግራ ኩላሊታቸው ካንሰር ተገኝቶበት አዲስ አበባ ላይ ወጥቶላቸዋል። እዚያ ዶክተር ሄርሜላ አንድ ጥናት ነበራት፤ የኩላሊት ካንሰር ሁለት ዓይነት ፕሮቲን ወደ ሽንት ይለቃል፣ ዕጢው ሲወጣ ሁለቱም ይወርዳሉ። ተመልሰው ከወጡ ያሰጋል። ሀይማኖት የአቶ ኤልሚን ሽንት በየወሩ እየተቀበለች፣ ግማሹን አስቀርታ ግማሹን በበረዶ ሳጥን ትልክላታለች።

ሁለት ወር ሁለቱም እንደወረዱ ቆዩ። በሦስተኛው ዶክተሯ ደወለች።

«አንደኛው ፕሮቲን አሻቅቧል። የቀረቻቸው አንዲት ኩላሊት ናት፤ እሷም ተነክታ ከሆነ እንጃ። ቶሎ ይምጡ።»

«ሁለተኛውስ?»

«እሱማ እንደወረደ ነው። እኔንም ግራ ያጋባኝ እሱ ነው።»

ሀይማኖት ለሰውየው አዘነች፤ ግን ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ነገሩ ከነከናት። አብረው ወጥተው አብረው የወረዱ፣ ዛሬ አንዱ ብቻውን ምን ሊሠራ ወጣ? ፍሪጅ ውስጥ ያስቀረችውን አውጥታ በማሽን አሽከረከረችው። ከላይ ስስ ነጭ ነገር ተንሳፈፈ። አሸተተችው፤ ሥራዋ ነውና አትጸየፉባት። የታጠነ የወተት ዕቃ ይሸታል።

በማግስቱ ያመጣችውን ልጃቸውን ሱዓድን አስጠራቻት።

«ሽንቱን በምንድን ነው ያመጣሽው?»

ሱዓድ አንገቷን ደፋች። «አባዮ፣ እህቴ፣ የሰጠሽን ብልቃጥ እኮ ውስጡ ይታያል። በፊት ወንድሜ በራሱ መኪና ነበር የሚያመጣው። እኔ ሚኒባስ ውስጥ የአባቴን ሽንት ሰው ሁሉ ይየው? በግመል ወተት ዕቃችን አመጣሁትና በር ላይ ብልቃጡ ውስጥ ገለበጥኩት።» ትንሽ ቆይታ «አንዲት ሴትዮማ ወተት መስሏት ሽጪልኝ ብላኝ ነበር» አለች።

ሀይማኖት ሳቋን ዋጠችና ለዶክተሯ ደወለች። ዶክተር ሄርሜላ ሰምታ መዝገቧን አገላበጠች። ያ ያሻቀበው ፕሮቲን ለካ የወተት ስብንም የሚሸፍን ነው፤ ሁለተኛው ግን ወተት ውስጥ ስለሌለ አልወጣም። «ግን ወተት ገባበት ማለት ካንሰር የለም ማለት አይደለም። ንጹሕ ሽንት ላኪልኝ» አለች።

በሦስተኛው ቀን አቶ ኤልሚ ራሳቸው መጥተው እዚያው ሰጡ። ውጤቱ እስኪመጣ አሥር ቀን ፈጀ፤ በአሥሩም ቀን ሱዓድ እየደወለች «አባዮ፣ ምን አሉ?» ትል ነበር። በአሥራ አንደኛው አባትና ልጅ ላቦራቶሪው በር ላይ ቆመው ሳሉ ስልኩ ጮኸ። ሀይማኖት አዳምጣ ዘጋችው።

«ሁለቱም ወርደዋል።»

አቶ ኤልሚ ቀኝ ጎናቸውን በመዳፋቸው ያዙ። «ይቺን ልታስወስድብኝ የነበረችው ታዲያ የገዛ ግመሌ ናታ!» አሉ። ሱዓድ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ።

ሽማግሌው ለሚቀጥለው ወር የተሰጣቸውን ብልቃጥ ተቀበሉ። ሱዓድ ልትደብቅላቸው እጇን ስትዘረጋ ከለከሏት፤ ሸሚዛቸው የደረት ኪስ ውስጥ ሰው ሁሉ እንዲያየው አቁመው ከተቱትና ወደ ሚኒባሱ ሄዱ።