የባላጋራ ጠበቃ

ደባርቅ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ቀድሞ የልብስ ሰፊ ሱቅ የነበረች አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ፍቅርአዲስ የጥብቅና ሥራዋን የምትሠራው እዚያ ነው። ስትከራያት ረጅሙ መስታወት ግድግዳው ላይ ስለነበር ሳታነሣው ቀረች። ዛሬም ሱሪ አሳጥሪልኝ ብሎ ጎራ የሚል ሰው አይጠፋም።

የከተማው ጠበቆች «የባላጋራ ጠበቃ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት በአሠራሯ ነው። ባለጉዳይ ካዳመጠች በኋላ ቶሎ ብላ አቤቱታ አትጽፍም። አስቀድማ ባለጉዳዩን ታስፈቅድና ሊከሰስ ወደታሰበው ሰው ቤት ትሄዳለች። መደብ ላይ ተቀምጣ፣ የቀረበላትን ቀምሳ፣ የዚያንም ወገን ቃል ትሰማለች። ይህን ያልወደደ ሰው ሌላ ጠበቃ እንዲፈልግ በደኅና ታሰናብተዋለች። ብዙው ጠብ እዚያው መደብ ላይ ያልቃል። የሥራ ባልደረቦቿ የሚያሾፉባትም ለዚሁ ነው፤ እንጀራዋን በገዛ እጇ ታባርራለች ይላሉ።

ድሮ ዳኛ ነበረች። ያኔ ሰው የምታየው በጠረጴዛ ማዶ ብቻ ነበር። ትፈርዳለች፣ ሰዎቹ እጅ ነሥተው ይወጣሉ፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደሆኑ አታውቅም። አለማወቁ ሲከብዳት ወንበሩን ለቀቀች። አሁን ደግሞ ማወቁ አደከማት። ከየሰው ቤት የሰማችው ነገር ማታ አብሯት ይገባል። ጉልበቷም እንደ ድሮው አይደለም፤ ዳገት ሲሆን ቆም እያለች ነው የምትወጣው።

ዓለምዬ የመጣችው በኅዳር፣ ገብስ በሚወቃበት ሰሞን ነው። ከደባት ወጣ ብሎ ገደል አፋፍ ላይ ካለ መንደር ነበር የመጣችው። ደባት ያሉትን ጠበቆች ትታ ደባርቅ ድረስ የዘለቀችው በደባት የማያውቃት ሰው ስለሌለ ነው። ነጠላዋን ሆዷ ላይ ሰብሰብ አድርጋ ይዛ በሩ ላይ ቆመች፤ ግቢ እስክትባል አልገባችም።

ባሏ ገዱ በጦርነቱ ዓመት በቅሎ እየነዳ ስንቅ ይዞ ወደ ቆላው ወርዶ ነበር። በቅሎዋ ብቻዋን ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ አየሁት የሚል ሰው አልተገኘም። ዓለምዬ እስር ቤቱንም ሆስፒታሉንም ዞራ ጠይቃለች፤ ጎንደር ድረስ ሄዳ ፎቶውን እያሳየች ለምናለች። እነዚህን ዓመታት ሁሉ ከገዱ እናት ከወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረች። ልጅ አልነበራትም። እሳቸውም ሌላ ልጅ አልነበራቸውም።

አሁን ግን አርግዛለች። አባትየው አንዱዓለም የሚባል፣ ደባት ወፍጮ ቤት የሚሠራ ሰው ነው። ሊያገባት ይፈልጋል፤ እሷም ትወደዋለች። በሕግ ግን እስካሁን የገዱ ሚስት ናት።

ፍቅርአዲስ እንደ ልማዷ ባላጋራሽ ማን ነው ብላ ጠየቀቻት።

«ባላጋራ የለኝም» አለች ዓለምዬ። ትንሽ ቆይታ፣ «እማዬ ናት» ብላ ማልቀስ ጀመረች። እማዬ የምትለው አማቷን ነው። መንደሩ ለገዱ ተዝካር ይውጣለት ባለ ቁጥር ወይዘሮዋ ለሕያው ሰው ተዝካር አይወጣም ብለው እየመለሱ ነበር።

ፍቅርአዲስ ሕጉን በቀላል ቃል አስረዳቻት። ወሬው ከሁለት ዓመት በላይ የጠፋን ሰው፣ ቤተሰብ ሲያመለክት፣ ፍርድ ቤት ጠፍቷል ብሎ ሊወስን ይችላል። ፍርዱ ከጸና ጋብቻው ይፈርሳል። ልጁም፣ ከፍርዱ በፊት ቢወለድ እንኳ፣ የጠፋው ሰው ልጅ አይባልም። ፍርዱ ከሌለ ግን፣ ሚስቲቱ ባለትዳር ናትና፣ ሕጉ ልጁን የገዱ ነው ይለዋል። 

ዓለምዬን አስፈቅዳ በማግሥቱ ሚኒባስ ይዛ ደባት ወረደች፤ ከአስፋልቱ በእግሯ ቀጠለች። ጉሙ ገና አልተነሣም ነበር። ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ደጃፋቸው ላይ ገብስ ሲያበጥሩ አገኘቻቸው። ማን እንደሆነች ስትነግራቸው ሰፌዱን አስቀመጡ፣ ወደ ቤት አስገቧት፣ መደቡ ላይ አጎዛ አነጠፉላት፤ ቆሎና ጠላም አቀረቡ። እስክትቀምስ ድረስ ስለ መንገዱና ስለ ብርዱ ብቻ ጠየቋት። ከዚያ ለማን እንደመጣች ጠየቁ።

«ለዓለምዬ ነው፣ እማማ» አለች።

ወይዘሮዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ማርገዟን አውቃለሁ፣ ልጄ። ጎሕ ሲቀድ ጓሮ ወጥታ ስታስመልስ እሰማታለሁ። እንዳትሳቀቅ ብዬ የተኛሁ እመስላለሁ።»

ጠላዋን ሞሉላት። ከውጭ የዶሮ ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ወይዘሮዋ ያልተጠበቀ ነገር ጠየቁ።

«ሕጋችሁስ ምን ይላል? ልጁ የማን ነው?»

ፍቅርአዲስ ይህን ጥያቄ ልታልፈው ትችል ነበር። የመጣችው ለዓለምዬ ነው፤ የዓለምዬን ጉዳይ የሚጎዳ ነገር የመናገር ግዴታ የለባትም። ነገር ግን በሰው ቤት ተቀምጣ፣ የሰው እህል ቀምሳ፣ የተጠየቀችውን መደበቅ አልሆነላትም።

«ዛሬ ባለው የገዱ ነው» አለች።

 «እንግዲያው ተዉት» አሉ ወይዘሮዋ። «ፍርድ ቤትም አትሂዱ። ልጁ የገዱ ይሁን። እኔ አልጠይቃትም፤ የማን ነው ብዬ እስክሞት አልጠይቃትም። አሳድገዋለሁ። ቤቱም መሬቱም ያባቱ ነው። ገዱም ሲመጣ… ገዱ ልጅ ይወድ ነበር።»

ፍቅርአዲስ ለዓለምዬ እነግራታለሁ አለች። ወደ አስፋልቱ ስትመለስ ነገሩን አሰላሰለችው። ሰው ሲዋሽ፣ ሲስገበገብ፣ ሲጨክን ምን እንደምታደርግ ታውቃለች። እዚህ ቤት ግን ጨካኝ የለም። አሮጊቷን ብታሸንፍ የምትነጥቃቸው የመጨረሻ ተስፋቸውን ነው። ብትተው ደግሞ አንድ ሕፃን በማያውቀው ሰው ስም ያድጋል፤ አባቱ ወፍጮ ቤት ቆሞ እያየው።

ያን ሳምንት ዓለምዬና አንዱዓለም አብረው ቢሮዋ መጡ። አንዱዓለም ዝምተኛ ሰው ነው፤ ዱቄቱ ከቅንድቡ አልታጠበም። ፍቅርአዲስ የወይዘሮዋን ቃል አንድም ሳታጎድል ነገረቻቸው። እሱ ወለሉን እያየ ሲያዳምጥ ቆየና ልጄን በሞተ ሰው ስም ልጠራው ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ዓለምዬ «የሞተ» የሚለውን ቃል ስትሰማ እንደተመታ ሰው ሸሸት አለች። በዚያ ሁሉ ዓመት ፊቷ ላይ ደፍሮ ያን ቃል የተናገረ አልነበረም። እሱም ደነገጠና ይቅርታ ጠየቃት።

ፍቅርአዲስ አልገፋፋቻትም። ዓለምዬ እንደምትፈተን አውቃለች። አሮጊቷ ያሉት መንገድ የሁሉንም አፍ የሚዘጋ ነው። መንደሩ የገዱ ልጅ አለመሆኑን ቢያውቅም ያዛውንቷን ቃል አክብሮ ዝም ይላል። ዓለምዬ መስታወቱ ውስጥ ራሷን እያየች ብዙ ቆየች።

«አይሆንም» አለች በመጨረሻ። «እማዬ ልጁን ባየችው ቁጥር ገዱን ትፈልግበታለች። ዓይኑን ትፈልጋለች፣ አረማመዱን ትፈልጋለች። አታገኘውም። ያኔ ልጇ ሁለተኛ ይጠፋባታል።»

ይህን ፍቅርአዲስ እንድታደርስላት አልፈለገችም። ራሷ ልትነግራቸው ወሰነች፤ ፍቅርአዲስ አብራት ሄደች። ወይዘሮዋ እስከ መጨረሻው ሰሟትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ፍቅርአዲስ የቀረውን ለጀርባቸው ተናገረች። ፍርድ ቤቱ የሚለው «ጠፍቷል» እንጂ «ሞቷል» አይደለም አለች። ገዱ ቢመለስ ፍርዱ ይሰረዛል፤ ጋብቻው ግን አይመለስም። ይኸንንም አልደበቀችም። ምስክርነት ጎረቤትም ሊሰጥ ይችላልና እሳቸው ባይመጡ የሚያስገድዳቸው እንደሌለ ጨመረች። 

ወይዘሮዋ ከዚያ ቀን በኋላ ለዓለምዬ አንድ ቃል አልተነፈሱላትም። ምግቧን ግን በሞሰብ ከድነው ያስቀምጡላት ነበር። ዓለምዬ ይህን ለፍቅርአዲስ ስትነግራት፣ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር አለች።

ጉዳዩ ተጓተተ። አንድ ቀጠሮ ላይ ዳኛው ለስብሰባ ሄደው ነበር። ሌላው ቀጠሮ ላይ መንገድ ተዘግቶ ፍቅርአዲስ ኮሶዬ ላይ ዋለች፤ በዚያ ሳምንት ለሌላ ጉዳይ ጎንደር ወርዳ ስትመለስ ነበር። የፍርድ ቤቱ ማስታወቂያ እስኪወጣ ተጠበቀ። ማስታወቂያው ከወጣ በኋላም የጠፋው ሰው ቀርቦ እንደሆነ ለማየት ሌላ ቀጠሮ ተሰጠ። የዓለምዬ ሆድ እየገፋ ሄደ። ፍቅርአዲስ ሌሊት ትነቃና ይኼን ሥራ ለምን እንደማትተወው ራሷን ትጠይቃለች። ዳኛ ሳለች ይህን የመሰለ መዝገብ ለሻይ ከመውጣቷ በፊት ትጨርሰው ነበር።

ምስክር በሚሰማበት ቀን ሁለት ጎረቤቶች ቀረቡ። የመጀመሪያው ቃሉን ሰጥቶ ሲወጣ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ በምርኩዝ ገቡ። የጠራቸው አልነበረም። ነጭ በነጭ ለብሰዋል። ዓለምዬ ልትነሣ ስትል ፍቅርአዲስ ክንዷን ያዘቻት። ዳኛው ወጣት ናቸው። ወይዘሮዋ የገዱ እናት መሆናቸውን ሲያውቁ ተቀምጠው እንዲናገሩ ፈቀዱላቸው፤ እሳቸው ግን መቆምን መረጡ። ለመጨረሻ ጊዜ ወሬውን የሰሙት መቼ እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲህስ ደብዳቤ ይሁን ስልክ ደርሷቸው እንደሆነ ተጠየቁ። ምንም እንዳልደረሳቸው ተናገሩ።

«ልጅዎ ሞቷል ብለው ያምናሉ?» አሉ ዳኛው።

«አላምንም።»

«በሕይወት አለ ይላሉ?»

«እሱንም አላውቅም፣ ጌታዬ። ጠፍቷል። የጠፋ ይፈለጋል፤ እኔ እፈልገዋለሁ። ይህች ልጅ ግን ፈልጋ ፈልጋ ደክሟታል። እሷን ይፍቷት።»

 ወይዘሮዋ «ይፍቷት» ያሉት ካህን ፊት «ይፍቱኝ» እንደሚባለው ነበር፤ ችሎቱ ውስጥ የነበሩትም ሁሉ እንደዚያው ሰሙት። ጸሐፊዋ ቃሉን እንዴት እንደምትጽፈው ግራ ገብቷት ቀና አለች። ዳኛው ልክ ወይዘሮዋ እንደተናገሩት እንድትጽፍ አዘዟት።

ዓለምዬ ሴት ልጅ ወለደች። ፍርዱ የተሰጠው እሷ ገና አራስ ሳለች ነው። ከዚያ አንዱዓለም ደባት ወደተከራየው ቤት ገባች። ወይዘሮዋን አብረውን ይኑሩ ብለው ሁለቱም ለመኗቸው፤ እሳቸው ግን ሰው መጥቶ በሩ ተዘግቶ ቢያገኘውሳ ብለው እምቢ አሉ። ፍቅርአዲስ አንድ ነገር አስባ ነበር፤ የክርስትና እናት ይሁኗት አለቻቸው። ይህንንም አልተቀበሉም። የክርስትና እናት ልጇን አድርሳ የምታይ መሆን አለባት፣ እኔ ሞቴ ዛሬ ይሁን ነገ የማላውቅ ሰው ነኝ አሉ። ፍቅርአዲስ አፈረች። ሐዘናቸውን በሽምግልና ልታቻችለው እንደሞከረች ገብቷት ነበር።

ለክርስትናው ግን መጡ። ቅዳሴው ሲያልቅ ሕፃኗን አምጪልኝ አሉ። ዓለምዬ ሰጠቻቸውና አጠገባቸው ቆመች። ወይዘሮዋ ጨርቁን ገልጠው የሕፃኗን ፊት ብዙ አዩት። ከዚያ ቀና ብለው አንዱዓለምን ተመለከቱ።

«አባቷን ትመስላለች» አሉት፤ መልሰውም ለእሱ ሰጡት።

ከድግሱ ቀምሰው ፍቅርአዲስና ወይዘሮዋ አብረው ወጡ። እሷ ወደ ደባርቅ የሚሄድ መኪና ለመያዝ፣ እሳቸው ደግሞ በእግራቸው ወደ መንደራቸው። ወይዘሮዋ አስፋልቱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ትንሽ ልረፍ ብለው ተቀመጡ፤ ፍቅርአዲስም አጠገባቸው ተቀመጠች። ንፋሱ ከገደሉ ይመጣል። ወይዘሮዋ ገዱ ቢመለስ ሌላ ሚስት እንደሚፈልጉለት ነገሯት፤ የልብሳቸውን ጫፍ ሲያፍተለትሉ ቆዩና፣ ከዓለምዬ የምትሻል ግን አላውቅም አሉ።  

ጥቂት ቆይቶ የወይዘሮዋ ራስ ፍቅርአዲስ ትከሻ ላይ ዘንበል አለ። እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ሚኒባሱ ጡሩንባውን እየነፋ ሲመጣ ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ «ደባርቅ፣ ደባርቅ» አለ፤ አንድ ቦታ እንደቀረም ነገራት። ፍቅርአዲስ በእጇ ሂዱ አለችውና ጋቢዋን በሁለታቸው ላይ ደረበችው።