ንጉሡ ሠ

ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። የአራሚ ስም በመጽሐፍ ላይ አይወጣም፤ የሚነሣው ስሕተት የተገኘ ዕለት ብቻ ነው። በዚህ ተማርሬ አላውቅም። ከሥራው የተረፈኝ ግን አንድ ፍርሃት አለ፤ እርማት የማይቀበል ነገር እፈራለሁ። ልጄ እንቁ ክንዷን ልትነቀስ መወሰኗን በነገረችኝ ጊዜ የመለስኩላትም ይህንኑ ነበር።

«ወረቀት ተቀዶ ይጣላል። ቆዳ ሁለተኛ ኅትመት የለውም።»

«አባዬ፣ የሃያ ስድስት ዓመት ሴት እኮ ነኝ።»

«ዕድሜሽን አልረሳሁትም። እኔ ግን በዚህ ነገር እጄን አላስገባም።»

ባለቤቴ ፈለቀች ከጓዳ ሆና ሣቀች። «ይሄን የአንገቴን ንቅሳት አይተህ አይደል እንዴ ሽማግሌ የላክኸው?»

«የአንቺው ፊደል የለበትም» ብዬ ተነሥቼ ወጣሁ።

እንቁ የምትነቀሰው «ጀንበር ጠጋኞቹ» ከሚባል የሥዕል ልብ ወለድ የተወሰደ አንድ ቃል ነበር። እዚሁ እኛ ሰፈር፣ ገርጂ፣ የሚኖሩ ሁለት ወጣቶች እየሣሉ በየወሩ በቴሌግራም የሚያወጡት ታሪክ ነው። ፀሐይ በጠፋችበት ዓለም ጥቂት መካኒኮች መሰላል ተሸክመው ወደ ሰማይ ይወጣሉ። በየክፍሉ መጨረሻ ጀንበሯ ስትበራ አለቃቸው በግእዝ «ሠረቀት!» ትላለች፤ ወጣች ማለቷ ነው። የታሪኩ ወዳጆች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታቸው ይኸው ቃል ነው። እንቁ አንብብልኝ ስትለኝ ዘወትር «ሥራ ላይ ነኝ» እላት ነበር፤ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ጭምር።

በማግስቱ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ፈለቀች ስልኳን ዐይኔ ሥር ደቀነችው። የእንቁ ጓደኛ ሶሬቲ ወሎ ሰፈር ካለው ንቅሳት ቤት የላከችው ፎቶ ነበር። ክንዷ ላይ የሚያርፈው ቃል በወረቀት ተዘጋጅቶ ይታያል። መነጽሬን አደረግሁ።

«ሰረቀት» ይላል። በእሳቱ ሰ!

«ንጉሥ» የምንልበትን ንጉሡ ሠ፣ «እሳት» የምንልበትን እሳቱ ሰ እንለዋለን። ዛሬ የሁለቱ ድምፅ አንድ ስለሆነ ብዙ ሰው እንዳገኘ ያፈራርቃቸዋል። ግእዙ ግን ይህን አይታገሥም። ቃሉ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ «ወጣች» ነው፤ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ «ሰረቀች» ነው። ልጄ ደግሞ የባንክ ሠራተኛ ናት።

«ምነው ፊትህ ጠቆረ?» አለች ፈለቀች።

«ሌባ ነኝ ብላ ልትነቀስ ነው!»

ለእንቁም ለሶሬቲም ደጋግሜ ደወልኩ፤ አያነሡም። ኮቴን ደርቤ ታክሲ ያዝኩ። ቦሌ መንገድ ላይ መኪናው ሁሉ ተቆላልፎ ቆሟል። መርፌው የት እንደደረሰ በሐሳቤ እከተል ነበር። ከአራቱ ፊደላት የተሳሳተው የመጀመሪያው ነው፤ መርፌውም የሚጀምረው ከመጀመሪያው ነው።

ንቅሳት ቤቱ ከአንድ ጋራዥ ፎቅ ላይ ይገኛል። ደረጃውን ጨርሼ በሩ ጋ ስደርስ የልጄን ድምፅ ሰማሁ።

«ላጲሶ፣ መርፌህን አስቀምጥ አልኩህ እኮ!»

«ምን አጠፋሁ?» አለ ነቃሹ፣ እጁን በጓንት እንደሸፈነ። «ፀሐይ እሳት አይደለች እንዴ? ስለዚህ በእሳቱ ሰ ጻፍኩት። አስቤበት እኮ ነው!»

ያንኑ ቃል ሊነቀሱ ተራቸውን የሚጠብቁት ወጣቶች በሣቅ ፈነዱ።

«አስበህማ ሌባ አደረግኸኝ» አለች እንቁ። «ይሄ እኮ ሰረቀች ነው የሚለው። ሰኞ ባንኩ በር ላይ የሚፈትሸኝ ዘበኛ ግእዝ የተማረ ቢሆንስ?»

«ኧረ ማን ሊያውቅብሽ! ያው ሰ ነው።»

«አባቴ ያውቃል።»

እጄ የበሩን እጀታ እንደያዘ ቀረ። ቀድማ ያየችኝ ሶሬቲ ናት። «ጋሽ ገረመው! ይግቡ እንጂ፣ ምን በር ላይ ያቆምዎታል?»

እንቁ ደንግጣ ተነሣች። «ልታስቆመኝ ነው የመጣኸው?»

«ላርም ነበር የመጣሁት» አልኳት። «ቀደምሽኝ።»

«ከቀደመችዎትማ ቆየች» አለች ሶሬቲ። የ«ጀንበር ጠጋኞቹ» የመጀመሪያ ክፍሎች ቃሉን በእሳቱ ሰ ይጽፉት እንደነበር፣ እንቁ ለአዘጋጆቹ የሁለት ገጽ ደብዳቤ ልካ እንዳስለወጠቻቸው፣ ከዚያ ወዲህም አንድም ክፍል እሷ ሳታነበው እንደማይወጣ አጫወተችኝ። ስልኳን ከፍታ የቅርቡን ክፍል የመጨረሻ ገጽ አሳየችኝ። ከግርጌው በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፦

«አራሚ፦ እንቁ ገረመው»

ስሜን ከዚያ ቃል ጋር በአንድ መስመር ያየሁት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ዐይኔ በልማዱ ገጹን ከላይ እስከ ታች ለስሕተት ፈተሸው። አንድም አላገኘም። መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሥራ ላይ ነኝ ትለኛለሃ።»

ላጲሶ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሺ፣ ንጉሡን እንፈልገው» ብሎ ስልኩ ላይ ይነካካ ጀመር። እንቁ ያወጣውን አይታ ራሷን ነቀነቀች።

«የስልክ ፊደል አልፈልግም። ጥሩ የእጅ ጽሑፍ ያለው ሰው ዐውቃለሁ፤ ግን እጄን አላስገባም ብሎ ምሏል።»

«አልማልኩም» አልኩ። «ላጲሶ፣ ያን ንድፍ የምትገለብጥበትን ካርቦን ወዲህ በለው።»

አራት ፊደል ለመጻፍ ሦስት ወረቀት አበላሸሁ። የሠ ሦስቱ ቀንዶች እኩል መቆም አለባቸው፤ እግሩ መካከላቸውን መያዝ አለበት። በአራተኛው ወረቀት ተሳካልኝ። እንቁ ክንዷን ዘረጋች። መርፌው ዝዝ ሲል እሷ ዐይኗን ጨፈነች፤ እኔ ግን እስከ መጨረሻው አልጨፈንኩም። ላጲሶ ክንዷን ጠርጎ ወደ እኔ ሲያዞረው ፊደላቱን አንድ በአንድ ተከተልኳቸው።

«ይታተም» አልኩ።

ተራ የሚጠብቁት ወጣቶች እጅጌያቸውን ጠቅልለው ከበቡኝ። «ጋሼ፣ ለእኔም!» «ኧረ ተራ ያዝ አንተ! ጋሼ፣ የእኔ ትንሽ ወፈር ይበል!»

ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ ፈለቀች ደወለች። «ምነው ጠፋችሁ? ልጅቷን አስተውካት?»

ጣቶቼ በካርቦን ሰማያዊ ሆነዋል፤ ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ ያዝኩት።

«ቆይተሽ ደውይ» አልኳት። «ሥራ ላይ ነኝ።»